ተቀብቻለሁ

በሽተኞቼ ባትሪ ነው የሚሉት። ደብረ ብርሃን በምሠራበት የቆዳ ክፍል በር ላይ ወረፋ የያዙ እናቶች "ባትሪ ያላት ናት ዛሬ የምታየን?" ብለው ሲጠያየቁ እሰማለሁ። ስሙ ደርሞስኮፕ ነው፤ በእጅ የሚያዝ፣ የራሱ መብራት ያለው፣ ቆዳ ላይ አስጠግተው ሲያዩበት አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ስፔሻሊስት ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር "አንቺ ጋ ይሻለዋል" ብሎ ትቶልኝ ሄደ። ስሙን ላስተምራቸው ስንት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት። ባትሪም ቢሉት የሚያሳየው ያንኑ ነው።

መነጽሩን ከመልመዴ በፊት ችፍ ችፍ ያለ ሽፍታ ይዞ የሚመጣ ሰው ያስጨንቀኝ ነበር። በዓይን ሲያዩት ሁሉም አንድ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ጠጠር ያለ፣ የሚያሳክክ። አንዱ የሚተላለፍ፣ ሌላው ከቶ የማይተላለፍ፣ ሦስተኛው ቁንጫ የነከሰው ብቻ ሊሆን ይችላል። በመነጽሩ ግን ይለያያሉ። ሊከን የሚባለው ሐምራዊ ሽፍታ ላዩ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ መስመር አለው። ሞለስከም የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ልጆች ላይ የሚወጣው፣ መሐሉ ነጣ ብሎ ዙሪያውን ቀጫጭን የደም ሥር ይከበዋል። እከክ ደግሞ ቆዳ ውስጥ የተቆፈረ ጠመዝማዛ ነጭ መንገድ ያሳያል፤ በመንገዱ ጫፍ ላይ አንዲት ቡናማ ሦስት ማዕዘን አለች። ያቺ ሦስት ማዕዘን የተባይዋ የፊት አካል ናት። እሷን ካየሁ በኋላ ከማንም ጋር አልከራከርም።

እውነቱን ለመናገር ከድሮም ቢሆን የሰው ወሬ ቶሎ አላምንም። በሽተኛ መድኃኒቱን በደንብ ተጠቅሜያለሁ ሲለኝ ፊቱን ሳይሆን ቆዳውን ነው የማየው። ባልደረቦቼ ባልሽንም ከሥራ ሲመጣ በባትሪ ነው አሉ የምትቀበይው እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። በዚህ ጠባዬ ብዙ ሰው አድኜበታለሁ። በዓለም ላይ ያለ ባትሪ የማምነው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አባቴን።

አባቴ ቄስ ናቸው። ከጎረቤላ ወረድ ብሎ፣ የአንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ባለች ደብር ነው ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀደሱት። እናቴ ካረፈች ወዲህ አብራቸው የምትኖረው ታናሽ እህቴ ብቻ ነበረች። እኔ ከተማ ገብቼ ስማር እሷ ቀርታ አባቴን ይዛ ነበር፤ ይህንንም አንድ ቀን ጠቅሳብኝ አታውቅም። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ሰላ ድንጋይ የሚያስተምር መምህር ሽማግሌ ላከባት፤ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ትወደው ነበር። የላከላትን መልእክት እያነበበችልኝ፣ መሐሉ ላይ ያፈረችበትን ትዘለው ነበር።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ክፍሌ መጣች። በሽተኛ ጨርሼ ምሳ ልወጣ ስል ነው። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች።

"እትዬ፣ እጄን እዪልኝ። ቀለበት የማስርበት እጅ ነው እኮ" አለችኝ።

በጣቶቿ መሐል፣ በእጅ አንጓዋ፣ በወገቧ ዙሪያ ችፍ ብሎባታል። ጎረቤላ ያለ መድኃኒት ቤት አለርጂ ነው ብሎ ክሬም ሰጥቷት ጭራሽ ብሶባታል። የእጅ አንጓዋ ላይ ያለው ሐምራዊ መስሎኝ ለአፍታ ሊከን ጠረጠርኩ። መነጽሩን ሳስጠጋው ነጭ ድር አልነበረም። መንገዱ ነበር፤ ጫፉ ላይም ሦስት ማዕዘኗ። እከክ ነው ስላት ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ በሁለት ሳምንት የሚድን ነገር ነውና። ይኼማ ለሠርግሽ የተሰጠሽ ስጦታ ነው ብዬ ቀለድኩባት፤ እሷም እየሳቀች አለቀሰች።

እከክ ግን ለብቻ አይታከምም። አንድ ቤት የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ያሳከከውም ያላሳከከውም፣ በአንድ ቀን ከአንገቱ እስከ እግር ጥፍሩ መቀባት አለበት፤ ከሳምንት በኋላም ይደገማል። አንድ ሰው ከቀረ ዞሮ ይመለሳል። ስለዚህ ቅዳሜ ሁለት ጠርሙስ ቅባት ይዤ በሚኒባስ አንኮበር ወጣሁ። ልብሱን ሁሉ በፈላ ውኃ አጠብን። ሁለቱን ባና፣ እናቴ በነበረች ጊዜ የተሸመኑትን የሱፍ ብርድ ልብሶች፣ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትተን አፉን አሰርነው፤ ተባይዋ ሰው ካጣች ብዙ ቀን አትቆይም። ጠርሙሶቹ ላይ በወፍራም እስክሪፕቶ "ከአንገት እስከ እግር ጥፍር" ብዬ ጻፍኩና አንዱን ለእህቴ፣ አንዱን ለአባቴ ሰጠሁ።

አባቴ እሳት ዳር ተቀምጠው ነበር፤ ጋቢያቸውን ደርበው፣ እጃቸው ላይ የሱፍ ጓንት አጥልቀው። ጓንቱን ደብረ ብርሃን ገዝቼ የላክሁላቸው እኔ ነኝ። የእኛ አገር ብርድ የሚታወቅ ስለሆነ ሽማግሌ ጓንት አጠለቀ ብሎ የሚገረም የለም።

"እኔ ምንም የለኝም ልጄ" አሉኝ።

ባይኖርዎትም ይቀባሉ አልኳቸው። እሺ አሉ። ጓንቱን ያውልቁና ልይዎት ማለት ነበረብኝ። ለማንም በሽተኛ የምለው ነው፤ ለሹምም ለመነኩሴም ብዬዋለሁ። ለአባቴ ግን አፌ አልታዘዘም። መስቀል የሚያሳልሙኝን እጅ እንዴት ገልብጬ አያለሁ? በማግሥቱ ደወልኩና ተቀብተዋል አባ አልኳቸው። "ተቀብቻለሁ" አሉ። በሳምንቱ ደገምኩ። "ተቀብቻለሁ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉኝ። እኔም ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ኅዳር ላይ እህቴ ተመልሳ መጣች። ማሳከኩ አልተዋትም። ከታከሙም በኋላ ለጥቂት ሳምንት ሊያሳክክ ይችላል፤ ያ የቆዳው የቆየ ቁጣ ነው እንጂ ሕያው ተባይ አይደለም። እሱ ይሁን ብዬ ተመኘሁ። ሁለቱን የሚለየውም ይኸው መነጽር ነው። አየሁ፤ አዲስ መንገድ፣ አዲስ ሦስት ማዕዘን። በደንብ አልተቀባሽም አልኳት። ተቀብቻለሁ አለች። ጀርባሽንስ? ጀርባዬንም። የጣቶችሽን መሐልስ? የጣቶቼንም መሐል። አባን አስቀባሽ? ራሳቸው እንደሚቀቡ ነግረውኛል አለች። ሁለት ጠርሙስ ደግሜ ሰጠኋት። ማታ ለአባቴ ደውዬ ጠየቅኋቸው፤ ተቀብቻለሁ አሉ። ከሁለቱ አንዳቸው እየዋሹ እንደሆነ ገባኝ። የትኛቸው እንደሆኑ ደግሞ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አላጠራጠረኝም።

በመሐሉ ወሬው ወጣ። የመምህሩ እናት እህቴን ገበያ ላይ አግኝተው ሰላም ሲሏት እጇን አይተዋል። አንዱ የማይድን ነው አለ፤ ሌላው በዘር ነው አለ፤ ስሙን ጮክ ብለው የማይጠሩትን በሽታም የጠሩ ነበሩ። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሐኪም ድናለች ብሎ ይጻፍልኝ፣ ሌላ አልጠይቅም አሉ። ሐኪሟ ደግሞ እህቷ ናት። ወረቀቱ ከገና በፊት እንዲደርሳቸው ነበር የተባለው።

ታኅሣሥ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ከውጭ ወረፋው ረጅም ነበር፤ ደክሞኝም ነበር። ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ ነው የጀመረችው።

"ቆይ እትዬ፣ ከማየትሽ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ።"

"ወሬው ይቆየን። እጅሽን አምጪ" አልኳት።

ሰጠችኝ። በግራ እጇ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሐል ሦስት ማዕዘኗ ነበረች፤ ልክ እንደ ጥቅምቱ። መነጽሩን አስቀምጬ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ዛሬ ስጽፈው እንኳ እጄ ይከብደኛል።

"እውነቱን ንገሪኝ። ሌላ የምታድሪበት ቦታ አለ? ሌላ ሰው አለ?"

እንዲህ ነው የምታስቢኝ አለችኝ። እኔ አላስብም፣ የማየውን ነው የምናገረው አልኳት። የሹራቧን እጅጌ ወደ ታች ሳበች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ በሩን ከፍታ ወጣች። ወረቀቱን አልጻፍኩም። ለእህቴም ቢሆን ውሸት አልጽፍም ብዬ፣ እንዲያውም በራሴ ኮርቼ፣ ለአባቴ ሌላ ጠርሙስ በሰው ላክሁ፤ ለእሷም እንደዚሁ።

ገና ሲቃረብ ሽማግሌዎቹ አባቴ ቤት መጥተው ነገሩ ይቆየን አሉ። በእኛ አገር ይቆየን ማለት ቀርቷል ማለት ነው። አባቴ በስልክ ነገሩኝ። እርስዎስ ምን አሏቸው አልኩ። "የልጅቷ ነገር ነው፤ ሐኪሟ ልጄ ያለችውን ስሙ አልኳቸው" አሉኝ። ያኔ እንደ ምስጋና ነበር የወሰድኩት። አባቴ በሽማግሌ ፊት ሐኪሟ ልጄ ብለው ጠሩኝ ብዬ ለባሌ ነግሬዋለሁ።

ጥር ላይ፣ ሠርጉ ሊሆን በነበረበት ሳምንት፣ የደብሩ ንግሥ ነበር። እህቴን ብቻዋን አልተዋትም ብዬ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ጉሙ ከቆላው እየወጣ ቅጽሩን ሸፍኖት ነበር። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ መስቀል ሊሳለም ተሰለፈ፤ እኔም ከሴቶቹ ጋር ገባሁ። ለአገልግሎት ጓንት አይጠለቅም። አባቴ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳረፉት፤ ከዚያ ወደ ከንፈሬ ሲያወርዱት ጣቶቻቸውን አየሁ። በየመሐሉ ችፍ ብሏል፤ የተፋቀ፣ የደረቀ፣ እንደገና የወጣ። ባትሪም አላስፈለገኝም። ማየቴንም አዩ። መስቀሉ ከንፈሬን ሳይነካ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

ቤት ስንመለስ እንግዳው ውጭ ዳሱ ሥር ይበላ ነበር። አባቴን ወደ ጓዳው ይዤ ገባሁ፤ መስኮቱ ሥር ብርሃን አለ። መነጽሩን ከቦርሳዬ ሳወጣ ጓንቱን ራሳቸው አወለቁ። አንዱን እጃቸውን ብቻ አየሁ፤ ስድስት መንገድ ቆጥሬ ተውኩት። ይህ የአንድ ወር ነገር አይደለም። ከእህቴም በፊት የጀመረ ነው።

"አባ፣ ተቀብቻለሁ ብለውኝ አልነበረም?"

"ተቀብቻለሁ።"

"ምኑን?"

"እምነቱን ነዋ" አሉኝ።

እምነት። ከቤተ ክርስቲያን የሚወሰደውን፣ በጠበል ተበጥብጦ የሚቀባውን አፈር ማለታቸው ነው። ስንት ጊዜ ደውዬ ተቀብተዋል ስላቸው ሁሉንም ጊዜ እውነት ነው የመለሱልኝ። ምን ተቀቡ ብዬ ስላልጠየቅሁ አልዋሹኝም። ሦስቱ ጠርሙሶች የመጻሕፍት ሣጥናቸው ውስጥ ነበሩ፤ ክዳናቸው እንደታሸገ፣ "ከአንገት እስከ እግር ጥፍር" የሚለው ጽሑፌ ወደ ፊት ዞሮ፣ በተርታ። መድኃኒት አይጣልም ብለው ነው ያስቀመጡት።

እኔ እምነት አትቀቡ ብዬ አላውቅም። ክፍሌ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ጠበሉንም ተጠመቅ፣ ቅባቱንም ተቀባ ነው የምለው፤ ይህንንም ያውቃሉ። አስረዱኝ። እሑድ እሑድ ሽፍታ የወጣበት ልጅ ታቅፎ የሚመጣው ሰው ከእጃቸው እምነት ነው የሚወስደው፤ እሳቸው ጠርሙስ ከፍተው ቢቀቡ ለእነዚያ ምን ይላሉ? ይህን እንኳ ልረዳው እችል ነበር። ለሽማግሌዎቹስ ለምን አልነገሯቸውም አልኩ። ከእኔ ነው የተጋባባት፣ ልጄ ምንም የለባትም ቢሏቸው ምን ነበረበት? ጓንታቸውን በጉልበታቸው ላይ ሲያስተካክሉ ቆዩ።

"ሕዝብ የሚሳለመው እጅ ነው ልጄ" አሉኝ በመጨረሻ።

በዚህ መሐል እህቴ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዛ ገባች። ጠርሙሶቹን አየች፣ የአባቴን ባዶ እጅ አየች፣ እኔን አየች። ምንም ሳትል ማንቆርቆሪያውን ሞልታ ወጣች። ደንግጣ ነው ብዬ አዘንኩላት።

ተከዳሁ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። የማላውቀው ሰው በየቀኑ ይዋሸኛል፤ አይከፋኝም፣ ሥራዬ ነው። አባቴ ግን የእኔን አዋቂነት መሸሸጊያ አደረጉት። የገዛሁላቸው ጓንት ውስጥ እጃቸውን፣ ሐኪሟ ልጄ ባሉት ቃል ውስጥ ራሳቸውን ደበቁ። በእኛ ቋንቋ ያ አፈርም እምነት ይባላል፣ ሰው በሰው ላይ የሚጥለውም እምነት ይባላል፤ አንዱን ተቀብተው ሌላውን አጎደሉብኝ። እንግዳው እስኪሄድ ጓዳው ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ጠርሙሱን ከፍቼ ራሴ ቀባኋቸው። አልተከራከሩኝም። ጀርባቸው ያን ያህል መክሳቱን አላውቅም ነበር፤ በየቦታው ጥፍራቸው ያረፈበት ቆስሏል፤ ስንት ወር እንዲህ ሆነው ቆመው ቀድሰዋል። እህቴ በራሷ ጠርሙስ ተቀባች። በሳምንቱ መጥቼ ደገምኩ። በወሩ ሁለቱንም አየኋቸው፤ አንድም መንገድ የለም። ያን ቀን ወረቀቱን ጻፍኩ፤ ድናለች ብዬ፣ በፊርማና በማኅተም። በሰው ወደ ሰላ ድንጋይ ላክሁት። መምህሩ ለሌላ ሰው ቃል ገብቷል የሚል መልስ መጣ፤ ወረቀቱም ከነፖስታው ተመልሶ መጣ።

እህቴ ከዚያ በኋላ አንኮበር አልቆየችም። ደብረ ብርሃን ገብታ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቀጠረች፤ ከሌላ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራየች። የእኔ ቤት ሁለት መኝታ አለው። ነይ ግቢ ብዬ ብለምናት ለሥራው ይርቀኛል አለች፤ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው። ለልጆቼ በልደታቸው ትደውልላቸዋለች፣ ስልኬን ታነሳለች፣ ደህና ነኝ ትላለች። እኔም ቂሟ በአባቴ ነው ብዬ እጠብቃት ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ያንን የተመለሰ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ክፍሏ ሄድኩ። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። እውነቱን ለመናገር አባቴን ላማላት ነበር የሄድኩት። ለሌላ ለማን እናገራለሁ? ሻይ አፈላችልኝ። የሥራ ሽርጧን እያጣጠፈች ስትሰማኝ ቆየች፤ ሽርጡ ላይ የሱፍ ብናኝ ነበረበት። ስንት ነገር አወራሁ፤ ስለ ጓንቱ፣ ስለ ጠርሙሶቹ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ።

"ሁለታችንንም ነው የከዱን" አልኳት ስጨርስ።

ሽርጡን አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

"እኔን ሦስት ጊዜ በባትሪ አየሽኝ። እሳቸውን በቃላቸው አመንሻቸው።"

ጓዳው ውስጥ ማንቆርቆሪያ ይዛ የገባችበት ቀን ትዝ አለኝ፤ ያኔ ደንግጣ አልነበረም። ታውቂ ነበር አልኳት። ታኅሣሥ ላይ ሣጥኑን አቧራ ልጠርግ ከፍቼ ሁለቱን ጠርሙስ አየኋቸው አለችኝ።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ወረቀቱን እጽፍልሽ ነበር እኮ። ሁሉንም እነግራቸው ነበር።"

"በማግሥቱ መጣሁ እኮ እትዬ" አለችኝ። "ቆይ አንድ ነገር ልንገርሽ ስልሽ፣ ወሬው ይቆየን፣ እጅሽን አምጪ አልሽኝ።"